በኮምፒውተሩ ውስጥ የጠፋው መጨናነቅ የት ሄደ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

የመኪናውን ብዛት እያየ አረንጓዴውን የሚያስረዝምና የሚያሳጥር የትራፊክ መብራት አዲስ አይደለም፤ ሲድኒ ስካትስ የተባለውን ሥርዓት ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ትሠራበታለች። አዲሱ ነገር ሱሞ በተባለው የጀርመኖች ነፃ ሶፍትዌር ከተማን በሲሙሌሽን (በኮምፒውተር አስመስሎ) አቁሞ «መዘግየቱን ይህን ያህል ቀነስን» ማለት መቅለሉ ነው። እንዲህ ያለው ቁጥር ለአዲስ አበባ ሲቀርብ መጠየቅ ያለበት ነገር አለ።

ሱሞ ካልከለከሉት በቀር 300 ሰከንድ የቆመን መኪና ካለበት አንስቶ ወደ ፊት ያሻግረዋል። እኛ አንድ ሰዓት የምንቆምበት የተቆላለፈ መስቀለኛ እዚያ በአምስት ደቂቃ ይፈታል ማለት ነው። ይህ ማሻገሪያ የጊዜ ገደቡ −1 ተብሎ መዘጋት፣ ካልሆነም ስንት መኪና እንደተሻገረ መገለጽ አለበት። መንገዱ ሞልቶ ከካርታው ጠርዝ መግባት ያቃተው መኪና የጠበቀው ጊዜም ከጉዞው ጊዜ ጋር አይደመርም፤ ለብቻው ነው የሚመዘገበው። ሳይደመር የቀረበ ውጤት ወረፋውን ከካርታው ውጭ ደብቋል።

ሁለተኛው ማነጻጸሪያው ነው። ሰከንዱ በዘፈቀደ ከተሞላ ቋሚ (የመኪናውን ብዛት የማያይ) መብራት መብለጥ ምንም አያስመሰግንም። ቋሚው አስቀድሞ የአንዱን ዙር (ሁሉም አቅጣጫ ተራው ደርሶት እስኪያልቅ ያለውን ጊዜ) ርዝመት በሚያሰላው በ1958ቱ (እ.ኤ.አ.) የዌብስተር ቀመር ይስተካከል፦ በአንድ ዙር ተራ ሲቀየር የሚባክነው ሰከንድ በ1.5 ተባዝቶ፣ 5 ተጨምሮበት፣ ከአንድ ላይ የጭነቱ ድምር ተቀንሶ ለሚቀረው ይካፈላል፤ ጭነት ማለት በየተራው የሚመጣው መኪና መንገዱ ሳያቋርጥ ቢበራለት ሊያሳልፍ ለሚችለው ሲካፈል ነው። አራት ተራ ባለው መስቀለኛ 16 ሰከንድ ቢባክንና ጭነቱ 0.75 ቢሆን ዙሩ 116 ሰከንድ ይሆናል። ጭነቱ 0.90 ሲደርስ 290 ይወጣል። እዚያ ላይ ብልህ መብራትም የሚያድለው ትርፍ አረንጓዴ የለውም።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ሚኒባሱ ነው። በሱሞ ውስጥ መኪና እያየ የሚሠራው መብራት፣ ካልቀየሩት በቀር፣ ሴንሰሩ ለ3 ሰከንድ ያህል መኪና ካላየ ወረፋው አልቋል ብሎ አረንጓዴውን ይቆርጣል። ታክሲው ከሴንሰሩ ኋላ ቆሞ ሲጭን መንገዱ ባዶ መስሎት ይቆርጣል፤ ሴንሰሩ ላይ ከቆመ ደግሞ አንድም መኪና ሳያልፍ እስከ መጨረሻው ገደብ ያበራል። የሲሙሌሽኑ ታክሲዎች ግን ካልታዘዙ በቀር መሀል መንገድ አይቆሙም። ስለዚህ መቆሚያቸውና የመጫኛ ጊዜያቸው በመስክ ተቆጥሮ ይግባ፤ ሙከራውም የመኪናው አመጣጥ በየጊዜው እንዲለያይ በተለያየ የዘፈቀደ መነሻ ቁጥር ቢያንስ አሥር ጊዜ ይደገም። መብራቱን ትቶ በእጁ የሚያስተናግደው ትራፊክ ፖሊስም አይረሳ።

አንድ የትራፊክ ምህንድስና ባለሙያ
አዲስ አበባ