ለልጄ፦ ቦርዱን ጠብቂው

ሚሚዬ የኔ እናት፣ ትናንት ማታ የላክሽልኝን ሜሴጅ ስራ ላይ ሆኜ ነው ያነበብኩት፣ እንዳልደውልልሽ ተኝተሻል፣ ጠዋት ደግሞ እኔ ስገባ አንቺ ስኩል ሄደሻል፣ ስለዚህ በቃ በብሬክ ሰዓቴ ልፃፍልሽ ብዬ ነው። አብረውኝ ዳይቪንግ (ከቦርድ ወደ ውሃ መዝለል) የጀመሩት ፍሊፕ፣ አየር ላይ መገለባበጥ፣ እየሰሩ ኮች እኔን አሁንም ላይን አፕ ላይ አስቀርቶኛል ነው ያልሽው። ገብቶኛል፣ ያናድዳል። ግን እኔ ኮችሽ ልክ ነው ባይ ነኝ። ለምን እንደሆነ ላስረዳሽ፣ ልምምድሽን ቁጭ ብዬ አያለሁ አይደል፣ ያልገባኝን ደግሞ እሱኑ ጠይቄዋለሁ።

መጀመሪያ እጅሽ። ብዙ ጀማሪ ጣቱን አሹሎ ነው ውሃ ውስጥ የሚገባው፣ ሹል ነገር ውሃ አይረጭም ብሎ። ተቃራኒው ነው። አንዱን እጅሽን በሌላው ይዘሽ መዳፍሽን ወደ ውሃው ስትገለብጪው ጠፍጣፋው መዳፍ ነው ውሃውን መትቶ ክፍተት የሚሰራው፣ ከዛ ጭንቅላትሽ፣ ትከሻሽ፣ ዳሌሽ፣ እግርሽ በዛው ክፍተት ተከታትሎ ይገባል። ውስጥ ከገባሽ በኋላ እጅሽን ወደ ጎን ስትከፍቺው ወደ ላይ ሊረጭ የነበረው ውሃ አብሮሽ ወደ ታች ይሳባል። ግን ይሄ ሁሉ የሚሰራው ክርንሽ ካልታጠፈ፣ ክንድሽ ጆሮሽ ላይ ከተጣበቀና ሆድሽን ከያዝሽ ነው። ከ1 ሜትሩ ቦርድ ዘለሽ ከውሃው 2 ሜትር ከፍ ብትይ ውሃው ጋ የምትደርሺው በሰዓት 22 ኪሎሜትር አካባቢ ነው፣ ከ3 ሜትሩ ምንም ሳትዘይ እንኳን ብትወድቂ ወደ 28 ይጠጋል፣ በዛ ፍጥነት ክንድሽ ከላላ ውሃውን የሚመታው ጭንቅላትሽ ነው። ላይን አፕ ማለት እኮ ይሄው ነው፣ ከዳር ቆሞ ቀጥ ብሎ መውደቅ፣ ደጋግሞ፣ ሰውነትሽ ሳታስቢው እስኪያደርገው ድረስ። የሚያሰለች መሆኑን አልክድም፣ ግን ፍሊፕም ሰራሽ ትዊስት (አየር ላይ መሽከርከር) መጨረሻው ያው ውሃ ውስጥ መግባት ነው።

ሁለተኛውና እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ኸርድልሽ ነው፣ ቦርዱ ላይ ተራምደሽ ጫፉ ላይ ለማረፍ የምትዘይው ማለት ነው። እርምጃሽ ቆንጆ ነው፣ አትሮጪም፣ ጉልበትሽን አንስተሽ ስትዘይም ቀጥ ትያለሽ። ችግሩ ሁለቱም እግርሽ የቦርዱ ጫፍ ላይ ሲያርፍ ነው፣ እንዳረፍሽ ወዲያው ለመዝለል ትቸኩያለሽ። ቦርዱ ገና ወደ ታች እየወረደ ነው እኮ! ዥዋዥዌ ላይ ያለ ልጅን ገና ወደ አንቺ እየመጣ ብትገፊው ያቆመዋል እንጂ አያርቀውም አይደል፣ ልክ እንደዛ ነው። አርፈሽ፣ ጉልበትሽን ትንሽ አጥፈሽ፣ ክንድሽ ከታች ዞሮ እየመጣ ቦርዱን እስከ መጨረሻው ተጫኚው፣ ከዛ እሱ ሲመለስ አብረሽው ተነሺ። የአልሙኒየም ነው፣ ወደ 5 ሜትር የሚጠጋ ርዝመት አለው፣ የተሰራው ሰው ለመወርወር ነው፣ በእግርሽ ጉልበት ብቻ መቼም ያን ያህል ከፍ አትይም። ዓይንሽንም እግርሽ እስኪያርፍ ድረስ ከቦርዱ ጫፍ አትንቀይ፣ ካረፍሽ በኋላ ቀና በይ። ጎን ላይ ያለውን ጎማ ደግሞ ትልልቆቹ በእግራቸው ሲያዞሩት አይተሽ አትንኪው። ወደ ኋላ ሲሄድ ቦርዱ ይለሰልሳል፣ ወደ ውሃው ሲመጣ ይጠነክራል፣ በጣም የለሰለሰ ቦርድ ደግሞ የበለጠ መጠበቅ ይፈልጋል፣ አንቺ ገና እሱን እየተማርሽ ነው፣ ኮች ባደረገልሽ ቦታ ተይው።

ስትነሺ ወደ ኋላ ካዘነበልሽ የምትወርጂው ቦርዱ ላይ ነው። አሜሪካዊውን ዳይቨር ግሬግ ሉጋኒስን ታውቂዋለሽ፣ በ1988 ሴኡል ኦሎምፒክ ማጣሪያው ላይ ሪቨርስ ሁለት ተኩል (ወደ ፊት ዘሎ ወደ ቦርዱ ሁለት ጊዜ ተኩል መገለባበጥ) ሲሰራ ጭንቅላቱ ቦርዱን መታው፣ ተሰፍቶ ተመልሶ ወርቁን ወሰደ። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ጀግንነቱ ነው፣ እኔ ግን እንደ አባት ሳየው የዓለም አንደኛ የነበረ ሰው እንኳን አነሳሱ ትንሽ ከተዛነፈ ምን እንደሚፈጠር ነው የሚታየኝ። ላስፈራራሽ አይደለም። ባክም (ጀርባሽን ለውሃው ሰጥተሽ የምትዘይው) ሆነ ሪቨርስ ስትጀምሪ ፍርሃት ከያዘሽ ቦርዱ ጫፍ ላይ ቆመሽ ከራስሽ ጋር አትታገዪ፣ ውረጂና ለኮች ንገሪው፣ ምንም የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ነጥቡንም ቢሆን አስቢው። ዳኛ ከ0 እስከ 10 ይሰጣል፣ ከዛ ተደምሮ በዝላዩ ክብደት፣ ማለትም በአስቸጋሪነቱ፣ ይባዛል። 101፣ ወደ ፊት የሚዘለለው ቀላሉ ዳይቭ፣ በፓይክ (እግር ቀጥ ብሎ ከዳሌ ታጥፎ) ከ1 ሜትር ክብደቱ 1.3 ነው፣ ሦስት ዳኞች 7፣ 7፣ 7 ቢሰጡሽ 27.3 አገኘሽ። ያቺ የምትቀኚባት ጓደኛሽ 103ን፣ ወደ ፊት አንድ ተኩል ፍሊፑን፣ በተክ (ጉልበት አቅፎ) ሰርታ፣ ክብደቱ 1.6፣ ውሃውን በጀርባዋ መትታ 4፣ 4፣ 4 ብታገኝ 19.2 ነው። እስቲ አንቺው ቁጠሪው።

አንድ ዳይቨር ልንገርሽ፣ ሳሚ ሊ ይባላል። ከኮሪያ የመጡ ወላጆች ልጅ ነው፣ ካሊፎርኒያ ያደገ። ያኔ ፓሳዲና ያለው ፑል ነጭ ላልሆነ ሰው የሚከፈተው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነበር። በሌላው ቀን አሰልጣኙ ጉድጓድ አስቆፍሮ አሸዋ ሞልቶለት አሸዋ ላይ ነበር የሚዘለው። አባቱ ዶክተር ሁን ብለውት ዶክተርም ሆነ፣ በ1948 ለንደን ኦሎምፒክ ላይ ከ10 ሜትሩ መድረክ ወርቅ ወሰደ፣ በ1952 ሄልሲንኪ ላይ ደገመው፣ በኋላ ደግሞ ሉጋኒስንም አሰልጥኗል። ውሃ የሌለበት ቀን፣ ትራምፖሊኑና በገመድ የሚይዝሽ ቀበቶ ያለበት፣ ልምምድ አይደለም ስትይኝ እሱ ነው ትዝ የሚለኝ። ኸርድልሽ የሚስተካከለው እኮ እዛ ነው፣ ውሃ ውስጥ መግባት ሳያሳስብሽ መቶ ጊዜ መሞከር ትችያለሽ።

እማዬ የሂሳብ ፈተናሽን አትርሺ ብላለች፣ እኔም እላለሁ። ቅዳሜ ፈረቃ ስለሌለኝ እኔ ነኝ የምወስድሽ፣ ስልኬን ቻርጅ አድርጌ እመጣለሁ፣ እንደ ባለፈው ከፊት አልቀርፅሽም፣ ከጎን ነው፣ ማዘንበልሽና መቸኮልሽ የሚታየው ከጎን ነው። ስሎው ሞሽን አድርገን ከኮች ጋር አብረን እናየዋለን። ሻሚሽ (ማድረቂያ ጨርቅሽ) ላውንድሪ ውስጥ ነው ያለው፣ ቦርሳሽ ውስጥ አሁኑኑ ክተቺው።

አባትሽ