«ወላጅ አምጪ» ከማለታችን በፊት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ

ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። የሴቶች ክበብ ተጠሪነቱንም ደርበው ሰጥተውኛል። በባልና ሚስት መካከል ስለሚደርስ ጥቃት በጋዜጣ ሲጻፍ አነባለሁ። የተማሪ ፍቅረኞች ጉዳይ ሲሆን ግን «የልጅ ነገር» ተብሎ ይታለፋል።

እሁድ ሐይቅ ዳር ብትወጡ ጥንድ ጥንድ ሆነው ታዩዋቸዋላችሁ። ፍቅሩን አልቃወምም፤ ብቃወምስ ማን ይሰማኛል? የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የ10ኛ ክፍል ልጅ እረፍት ላይ ከጓደኞቿ ጋር መቆም ትተዋለች፤ ፍቅረኛዋ ከወንድ ጋር አየሁሽ ይላታላ። የቴሌግራም ፓስዋርዷ እሱ ጋ ነው። የት እንዳለች ፎቶ አንስታ ካልላከች ማታ በር ላይ ይጠብቃታል። ጓደኞቿ «እንዴት ቢወዳት ነው!» ይላሉ። ጥፊው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ከዚያ ፊቷን በሻርፕ ሸፍና ትመጣለች፣ ከዚያ መቅረት ትጀምራለች። ስትመለስ የምንላት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ወላጅ አምጪ።

እዚች ላይ ትንሽ ልቆይ። ከተማችን ውስጥ ከሚማሩት ብዙዎቹ ከአቸፈር፣ ከሐሙሲት፣ ከዘጌ የመጡ ናቸው። ሁለት ሦስት ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ። ስንቁ ከቤት ይላካል፤ ኪራዩ ግን በየጊዜው ይጨምራል። ወዳጅ ነኝ ባይ አንዴ ኪራዩን ከሸፈነላት በኋላ «በቃኝ» ማለት ቀላል አይደለም። አባት ተጠርቶ ሲመጣ ደግሞ የሚሰማው «ልጅህ ወንድ ይዛለች» የሚለውን ነው። ማን መታት ብሎ የሚጠይቅ የለም። ዕቃዋን ጠቅልሎ ይዟት ይሄዳል፤ ቀጥሎ ሽማግሌ ይመጣል። ሕጉ ከ18 ዓመት በታች ጋብቻ አይፈቅድም፤ እዚያ ግን ልደቷን የሚቆጥርላት ማን ነው? አንዷ «ቲቸር፣ የሱ ዱላ ያልፋል፤ አባዬ ከሰማ ግን ትምህርቴ አለቀ» ብላኛለች። ምን ልበላት?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው መረጃ መሠረት፣ የትዳር ወይም የፍቅር ጓደኛ ከነበራቸው ከ15 እስከ 19 ዓመት ልጃገረዶች 24 በመቶው በዚያው ሰው ተመትተዋል ወይም ተደፍረዋል። እኛ ታዲያ ምን እናደርጋለን? በሴቶች ላይ የሚደርስ ጥቃት የሚወገዝበት ኅዳር 16 ሲደርስ ነጭ ሪባን እናስራለን። ባነር ይሰቀላል፣ በሚኒ ሚዲያ ግጥም ይነበባል፣ እንግዳ ንግግር ያደርጋል። ታኅሣሥ ሲገባ ባነሩ ይጠቀለላል፤ እስከ ከርሞ ደህና ሁኑ።

በኒውዮርክ ከተማ በ30 የመንግሥት ትምህርት ቤቶች፣ በ6ኛና በ7ኛ ክፍል ተማሪዎች ላይ የተደረገ ጥናት አለ። በአንዳንዶቹ ትምህርት ቤቶች ስለ ጥቃት በክፍል ውስጥ ብቻ ተማሩ። በሌሎቹ ደግሞ ግቢው ራሱ ተሠራበት። ልጆቹ የሚያስፈራቸውን ቦታ ካርታ ላይ ቀለም ቀቡ፣ መምህራን እዚያ እየቆሙ መጠበቅ ጀመሩ፣ አጥቂው ከተጠቂዋ እንዲርቅ በጽሑፍ ይታዘዝ ነበር። በክፍል ትምህርት ብቻ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልመጣም፤ ግቢው የተሠራበት ጋ ግን ጥቃቱ ቀነሰ።

ኒውዮርክ የት፣ ባሕር ዳር የት ትሉ ይሆናል። ወረቀትና ከለር ግን እዚህም አለ። የክበቡን ልጆች ግቢያችንን አሳልኳቸው። የሴቶች ሽንት ቤት ቀይ፤ መቀርቀሪያ የለውም። የተሰባበረ ዴስክ የተከመረበት ጓሮ ቀይ። ከበሩ እስከ ባጃጅ መያዣው ያለው መንገድ፣ በተለይ ለከሰዓት ፈረቃ፣ ድብን ያለ ቀይ። ቤተ መጻሕፍቱን ግን ሁሉም አረንጓዴ ቀቡት። ለምን ስላቸው «እትዬ አሉ ብለን ነዋ!» አሉኝ። እትዬ መጽሐፍ አዋሷ ናቸው። የሥነ ልቦና ዲግሪ የላቸውም። ልጅ አልቅሳ ስትገባ ወንበር ይሰጣሉ፣ «ምን ሆነሽ?» ብለው አያፋጥጡም፣ የሰሙትን ስታፍ ክፍል ይዘው አይመጡም። እኛ ደመወዝተኞቹ ይህን ብናደርግ ግማሹ ሥራ ያልቅ ነበር።

ወንዶቹንስ? እነሱን እኔ ብመክራቸው ይስቁብኛል። የስፖርት መምህሩን ግን ይሰሙታል። ካሊፎርኒያ ውስጥ አሠልጣኞች በሳምንት አንዴ ለጥቂት ደቂቃ ስለ ሴት ልጅ አክብሮት ያወሯቸው ተጫዋቾች ላይ ከዓመት በኋላ ለውጥ ታይቷል። የእኛም ስፖርት መምህራን ፊሽካ ከመንፋታቸው በፊት ይሞክሩት።

ርዕሳነ መምህራንን የምጠይቀው ብዙ አይደለም። መቀርቀሪያው ይገጠም። ፈረቃ ሲለቀቅ ሁለት መምህር በር ላይ ይቁም። ለልጆቹ የምትቀመጥ አንዲት መምህርት ክፍለ ጊዜ ይቀነስላት፤ ሙሉ ቀን አስተምሮ የሰው ችግር መስማት አይቻልም። ወላጅ አይጠራ አላልኩም። ልጅቷ ግን ማን እንደሚጠራላት ትጠየቅ። እኔ ስጠይቃቸው አብዛኞቹ አክስታቸውን ይላሉ፤ አባትን እንዴት እንደሚይዙት አክስቶች ያውቁበታል።

አንዲት መምህርት
ከባሕር ዳር