የእህቴ የልብ በር ተከፈተ፤ እግዜር ይስጥልኝ

እስካሁን ዝም ያልኩት ነገሩ እስኪያልፍ ፈርቼ ነው። አሁን ታናሽ እህቴ ከአዲስ አበባ ተመልሳ ባሕር ዳር ሽምብጥ ቤታችን በረንዳ ላይ ቡና እየቆላች ነው። ባለፈው ወር ከቤት እስከ አስፋልቱ ሁለቴ ሳታርፍ አትደርስም ነበር፤ ማታም ጋደም ስትል ትንፋሽ ስለሚያጥራት ሦስት ትራስ ደራርበን ቁጭ እንዳለች ነበር የምትተኛው። በልጅነቷ ቶንሲል እየተባለ የታለፈው የጉሮሮ ሕመም ነው፣ ውሎ አድሮ የልቧን በር ያጠበበው።

ሐኪሙ "ደረቷ አይከፈትም፤ በብሽሽቷ ደም ሥር ካቴተር የሚባል ቀጭን ቱቦ እናስገባና ጫፉ ላይ ያለውን ፊኛ በሩ ላይ እንነፋዋለን" ሲለን እማዬ ክው አለች። ለካ የሽንት ፊኛ መስሏት ነው!

እኔ ሞባይል ጠጋኝ ነኝ። ቦርዱን በማጉያ ሳላይ አንዲት ሽቦ አልነካም። ስለዚህ "ውስጡን ሳታዩ እንዴት ትሄዳላችሁ?" አልኩት። አልተቆጣም። የጓንት ካርቶን ቀደደና ጀርባው ላይ ልብ ሣለልኝ። ራጁ ቱቦውን ጥርት አድርጎ ያሳያል፣ የልቡ ሥጋ ግን ጥላ ነው፤ ስክሪኑ ደግሞ ጠፍጣፋ ስለሆነ ጥልቀቱን ሐኪሙ በጭንቅላቱ ነው የሚያሰላው። ከልቡ ቀኝ ክፍል ወደ ግራው ለመሻገር መሐል ያለውን ግድግዳ በመርፌ መብሳት አለ። እዚህ ጋ እኔም ላብ አጠመቀኝ።

ውጭ አገር መነጽር እየሞከሩ ነው አለኝ፤ ማይክሮሶፍት በ2016 እ.ኤ.አ. እንዳወጣው ሆሎሌንስ ያለ። በሲቲ ስካን የተነሣው ልብ ዓይንህ ፊት አየር ላይ ይቆማል፣ ምንም ሳትነካ በእጅህ ምልክት ታዞረዋለህ፣ ጓንትህም አይበከልም። ችግሩ ልብ ይመታል፣ ምስሉ ደግሞ ቀድሞ የተነሣ ነው፤ ሁለቱን ልክ ማጋጠም ቀላል አይደለም። "እኛ ጋ ገና ነው፣ በልምድ ነው የምንሠራው" ብሎ ሳቀ። መነጽሩ ሲመጣ አንዱን ለቤተሰብም ቢያስቡልን ደስ ይለኛል፤ ለእኛ ግን ካርቶኑ በቅቶናል። ሱቄ ውስጥ ከቻርጀሮቹ በላይ ለጥፌዋለሁ።

ዶክተር፣ አላህም እግዜርም ይስጥህ። እህቴ ነቅታ ስለነበር ከራስጌዋ ቆማ "አይዞሽ የኔ ልጅ" ስትላት የነበረችው ነርስ፣ ድምፅሽን እስካሁን ታወራልናለች። እድራችን ሰው ሳይሞት ገንዘብ አውጥቶ አያውቅም ነበር፣ ለእህቴ አወጣ። አሳ ገበያ ያሉት እትዬ ደግሞ ሻሽ ጫፍ ላይ ቋጥረው የሰጡኝን ብር ስፈታው አሳ አሳ ይሸት ነበር፤ እንደዛው አስገባሁት።

የሰፈራችን የባጃጅ ልጆች፣ እናንተንማ ምን ልበላችሁ። የጉሮሮ ሕመሙ ተመልሶ ልቧን እንዳይጎዳ የእህቴ የፔኒሲሊን መርፌ በየወሩ ይቀጥላል፤ ማን እንደሚያደርሳት ከአሁኑ ተራ ይዛችሁ እየተጨቃጨቃችሁ ነው።