ቹንቾንን ያየናት ከ9ኛ ለ ክፍል ሳንወጣ ነው

የታሪክና ቅርስ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ጥቅምት ላይ ስንመዘገብ 34 ነበርን። ታኅሣሥ ላይ 15 ልጆች ተረፉ። የተረፉት ግን እስከ ሰኔ ንቅንቅ አላሉም።

ክበባችን በየዓመቱ አንድ ከተማ መርጦ ያጠናል። አምና ሐረር ነበረች። ዘንድሮ ልጆቹ "ከአገር እንውጣ" አሉ። በጀታችን ከግቢው በርም አያስወጣም፤ ስለዚህ በካርታና በፎቶ ኮፒ ወጣን። ደቡብ ኮሪያ ያለችውን ቹንቾንን የመረጥነው በአንድ ሜዳይ የተነሳ ነው።

ሜዳዩ የአንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ቅድመ አያት ነው። ልጅቷ በመሐረብ ጠቅልላ፣ መሐረቡን በፌስታል፣ ፌስታሉን በምሳ ዕቃዋ ከትታ አመጣችው። ጥብጣቡ ሰማያዊና ነጭ መስመር አለው። አንዱ ቆጠረና 17 አለ። ሌላው 16 ነው ብሎ ሞገተ። ሦስተኛ ሰው ቆጠረ፤ 17 ነው። የተባበሩት መንግሥታት በኮሪያ ለተዋጉት የሰጠው ሜዳይ ነው። ሲገለበጥ ጽሑፉ አማርኛ ሆኖ ሲያገኙት ክፍሉ ተንጫጫ።

ከዚያ ወዲህ ለልጆቹ ቹንቾን ማለት ቃኘው ሻለቃ፣ በኮሪያ የተዋጋው የኢትዮጵያ ጦር፣ ሆነች። አይፈረድባቸውም። ከተማዋ ውስጥ የኢትዮጵያ ዘማቾች ሐውልት አለ፤ ግንቦት 1960 ዓ.ም. ሲመረቅ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በቦታው ተገኝተዋል። በ1999 ዓ.ም. የተከፈተው የመታሰቢያ አዳራሽ ጣሪያ የጎጆ ቤት ጣሪያ ይመስላል። እዚያው ሰፈር "ኢትዮጵያ ቤት" የሚባል ቡና የሚጠጣበት ቤት አለ። (ቡና ቤት አላልኩም፤ ወላጆች እንዳትደነግጡ።) ከተማዋ ከአዲስ አበባም ጋር እህትማማች ናት።

ሁለት ወር ሙሉ ከዚህ ወሬ አልወጣንም። እውነቱን ለመናገር እኔም ሰለቸኝ። አንድ ረቡዕ "የኛ ሰዎች ከመሄዳቸው በፊት እዚያ ከተማ ሰው አልነበረም እንዴ?" ብዬ ጠየቅሁ። የሚመልስ ጠፋ። በቀጣዩ ረቡዕ ግን ሁሉም የሆነ ነገር ይዞ መጣ።

መጀመሪያ የመጣው ስህተት ነው። የሚኒ ሚዲያው ሰሌዳ ላይ የለጠፍነው ካርታ ቹንቾንን ሰሜን ኮሪያ ውስጥ አስገብቷት ሁለት ቀን ቆየ። ያየው የሒሳብ መምህራችን ነው፣ አሁንም ሳገኘው ይስቃል። ስህተቱ ግን አስተማረን። ከተማዋ ያለችበት ጋንግዎን የሚባለው ክፍለ ሀገር ለሁለት የተከፈለ ነው፤ ሰሜንም ደቡብም በዚያው ስም የሚጠራ ጋንግዎን አለ። ቹንቾን ከሴኡል በስተ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከጦርነቱ በፊት ሁለቱን ኮሪያዎች ይለይ በነበረው 38ኛው መስመር አጠገብ ናት። ሰኔ 18 ቀን 1942 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲፈነዳ ወዲያው ደረሰባት። የደቡቡ 6ኛ ክፍለ ጦር ሦስት ቀን ያህል ተከላክሎላታል።

ስሟ "የፀደይ ጅረት" ማለት ነው። ይህን ያገኘችው የ9ኛ ክፍል ልጅ ግጥም ነገር ስለምትወድ ኪም ዩጆንግ የሚባለውን ደራሲ አብራ አመጣችልን። ቹንቾን አጠገብ ሲሌ በሚባል መንደር እ.ኤ.አ. በ1908 ተወልዶ፣ በ29 ዓመቱ በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። በመንደሩ የማታ ትምህርት ቤት ከፍቶ ገበሬዎችን ያስተምር ነበር። እንደ መምህር ይህቺ ለኔ ትበቃኛለች። እ.ኤ.አ. በ2004 የመንደሩ ባቡር ጣቢያ በስሙ ተጠራ፤ በኮሪያ በሰው ስም የተጠራ የመጀመሪያው ጣቢያ ነው።

የዓመቱ ትልቁ ነገር ግን የጁንግዶ ክርክር ነው። ጁንግዶ እ.ኤ.አ. በ1967 ያለቀው የኡያም ግድብ በፈጠረው ሐይቅ መሐል ያለ ደሴት ነው። እዚያ የልጆች መዝናኛ ፓርክ ሊሠራ ሲቆፈር የነሐስ ዘመን መንደር ወጣ። በመቶዎች የሚቆጠሩ የቤት መሠረቶች፣ ከ100 በላይ በትልልቅ ድንጋይ የተሠሩ መቃብሮች። የኮሪያ ሰዎችም ሰልፍ ወጥተው ተከራክረውበታል። በመጨረሻ ብዙዎቹ ድንጋዮች ተነሱ፤ ሌጎላንድ የሚባለው ያ ፓርክ ሚያዝያ 2014 ዓ.ም. ተከፈተ።

ክፍሉን ለሁለት ከፈልነው። "ይከፈት" ያሉት ስለ ሥራና ስለ ቱሪስት ተናገሩ። አንዱ፣ "ድንጋይ ሌላ ቦታ ቢቀመጥ ያው ድንጋይ አይደለም?" አለ። ጥሩ ጥያቄ ነው ብዬ ልጽፍለት ስዞር፣ ከኋላ ወንበር አንዷ "ታዲያ የአክሱም ሐውልት ሮም ቢቀር ምን ነበረበት?" አለችው። ልጁ ቁጭ አለ። ድምፅ ሲሰጥ ግን 8 ለ 7 "ይከፈት" አሸነፈ። ልጆች ናቸው፣ ፓርክ ይወዳሉ። እኔ ድምፅ አልሰጠሁም፤ ብሰጥ 8 ለ 8 ይሆን ነበር።

ለወላጆች ቀን ዳክጋልቢ ሠራን፤ የቹንቾን ስመ ጥር ምግብ ነው። ዶሮ ተቆራርጦ በቀይ በርበሬ ልቁጥ ይታሻል፣ ከጥቅል ጎመንና ከስኳር ድንች ጋር ሰፊ ብረት ላይ ይጠበሳል። የእነሱ ልቁጥ ስላልተገኘ በድልህ ተካነው። ሙከራውን በክበባችን ቀን ልናደርግ ብለን ረቡዕ ጾም መሆኑ ትዝ ያለን ዶሮው ከተገዛ በኋላ ነው። ወደ ሐሙስ ዞረ። ስኳር ድንቹ ትንሽ አረረ። ከምጣዱ የተረፈ ግን የለም።

ሜዳዩ በዚያው መሐረብ ተጠቅልሎ ወደ ቤቱ ተመልሷል። በካርቶን የሠራነው የጁንግዶ ሞዴል ቤተ መጻሕፍቱ መስኮት ላይ ነው፤ መጥታችሁ እዩት። ከመቃብሮቹ የአንዱ ድንጋይ ከግንቦት ጀምሮ ጠፍቷል። የወሰደ ሰው ለክበቡ ጸሐፊ ይመልስ።