የመስማት ሕክምና ትምህርት በአጭር ሥልጠና አይተካ

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ ባልደረቦች፣

የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን በነርሲንግ፣ በፊዚክስ ወይም በሥነ ልቦና ያገኙ ወጣቶች ቀጥለው ምን እንደሚያጠኑ ሲያማክሩ፣ ኦዲዮሎጂን፣ ማለትም የመስማት ችግርን የመመርመርና የማከም ሙያን፣ የሚጠቁማቸው ሰው እምብዛም አያገኙም። ሙያውን በስም የሚያውቁትም ቢሆኑ የመስሚያ መሣሪያ ከመሸጥ ለይተው ስለማያዩት፣ የጥቂት ሳምንታት ሥልጠና ይበቃዋል ሲሉ እሰማለሁ። በዚህ አሳብ ፈጽሞ አልስማማም።

ከምርመራው አንዱን ክፍል ብቻ ላንሳ። አንድ ጆሮው ጨርሶ የማይሰማ ሰው በማዳመጫ ሲመረመር፣ ወደዚያ ጆሮ የተላከው ድምፅ ከፍ እያለ ሲሄድ የራስ ቅሉን ተሻግሮ በጤነኛው ጆሮ ይሰማል፤ ተመርማሪውም በቅንነት መስማቱን የሚያሳውቅበትን ቁልፍ ይጫናል። መርማሪው ጤነኛውን ጆሮ በተመጠነ ጫጫታ ካልሸፈነው፣ የማይሰማው ጆሮ የመስማት መጠን በሚመዘገብበት ሠንጠረዥ (ኦዲዮግራም) ላይ በከፊል የሚሰማ ሆኖ ይመዘገባል፤ ጫጫታው ከበዛ ደግሞ እሱም ተሻግሮ ውጤቱን ያበላሻል። ይህ እንግዲህ የሰማውን መናገር በሚችል ዐዋቂ ላይ ነው። ጨቅላ ሕፃን የሚመረመረው ግን ከውስጠኛው ጆሮ የሚመለሰውን ደካማ ድምፅና የመስማት ነርቩን ምላሽ በመለካት ሲሆን፣ ችግሩ እስከ 3 ወር ዕድሜው ተረጋግጦ እስከ 6 ወር ድጋፍ እንዲጀመርለት የሚመከረውም ቋንቋ የሚለምድበት ጊዜ እንዳያመልጠው ነው። እዚህ ላይ የሚሠራ ስሕተት የልጁን ንግግርና ትምህርት ይነካል።

በአውስትራሊያ ለሙያው የ2 ዓመት የማስተርስ ትምህርት፣ በአሜሪካ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 4 ዓመት የሚወስድ የክሊኒክ ዶክትሬት የሚጠየቀው ያለ ምክንያት አይደለም።

የሥራው መስክም ሰፊ ነው፤ ባለሙያው በሆስፒታል፣ በኮክሌር ኢምፕላንት (በቀዶ ሕክምና በውስጠኛው ጆሮ የሚተከል የመስሚያ መሣሪያ) ቡድን፣ የሰውነት ሚዛን መዛባትን በመመርመር፣ የፋብሪካ ሠራተኞችን ከጫጫታ በመጠበቅ ወይም በምርምር ሊሰማራ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሪፖርት፣ በ2050 ቢያንስ 700 ሚሊዮን ሰዎች የመስማት ተሐድሶ አገልግሎት እንደሚያስፈልጋቸው ገምቷል።

ለማመልከት የሚያስቡ ወጣቶች ከዩኒቨርሲቲው ዝና ይልቅ ተማሪው በባለሙያ ክትትል ሥር ስንት ሰዓት ሕሙማንን እንደሚመረምር አስቀድመው ይጠይቁ፤ ዲግሪው ሊሠሩበት በሚፈልጉት አገር የሙያ ፈቃድ የሚያሰጥ መሆኑንም ክፍያ ከመፈጸማቸው በፊት ፈቃድ ሰጪውን አካል ጠይቀው ያረጋግጡ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የኦዲዮሎጂ ባለሙያ