ዝግ ብሎ መንዳት ሁልጊዜ ቤንዚን አይቆጥብም

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው እትማችሁ የአንባብያን ገጽ ላይ የወጣውን፣ የጀልባ ሞተር ቤንዚን ስለመቆጠብ የሚመክረውን ደብዳቤ አነበብኩት። ጸሐፊው ለሰው አስበው እንደጻፉት ያስታውቃል። ሆኖም «ነዳጅ መስጫውን ግማሽ ላይ አድርጋችሁ ተዉት፣ ከዚያ በላይ ብክነት ነው» ያሉት ለብዙ ጀልባ አይሠራም፤ አንዳንዱንም ጭራሽ ቤንዚን ያስጨርሰዋል። እኔ ሰውና ዕቃ በሞተር ጀልባ እያመላለስኩ የምኖር ነኝ። ቤንዚኑ የሚገዛው ከኪሴ ስለሆነ ነገሩን በግምት አልተውኩትም።

መጀመሪያ የጀልባው ዓይነት ይለይ። ረጅም፣ ከባድና ሆደ ክብ የሆነ ጀልባ ውሃውን እየገፋ ይሄዳል እንጂ ውሃው ላይ ወጥቶ አይንሸራተትም። የዚህ ጀልባ ፍጥነት በርዝመቱ የታጠረ ነው። ውሃው ላይ የሚያርፈው አካሉ 7 ሜትር ከሆነ፣ በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ የገዛ ራሱ ሞገድ ይይዘዋል። ከዚያ ወዲያ የምትጨምሩለት ነዳጅ ሞገዱን ያሳድገዋል እንጂ ጀልባውን አያፈጥነውም። በዚህ ዓይነቱ ጀልባ ላይ ጸሐፊው ልክ ናቸው፤ እንዲያውም ጥቅሙን አሳንሰው ነው የነገሩን። የሞተሩን ዙር፣ ማለትም በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚሽከረከር፣ 10 በመቶ ብትቀንሱ ፕሮፔለሩ (ውሃ ውስጥ እየዞረ ጀልባውን የሚገፋው) የሚጠይቀው ጉልበት 27 በመቶ ያህል ይወርዳል። 20 በመቶ ብትቀንሱ ደግሞ ወደ ግማሽ ይጠጋል። ስለዚህ ከባድ ጀልባ ያለው ሰው ትንሽ ቀድሞ ይነሣና ዝግ ብሎ ይሂድ፤ ሌላ ዘዴ አያሻውም።

ችግሩ ያለው ቀለል ባለው፣ ሆዱ ከኋላ በኩል ጠፍጠፍ ባለው የፋይበር ግላስ ወይም የአሉሚኒየም ጀልባ ላይ ነው። ይህ ጀልባ ሦስት አካሄድ አለው። ዙሩ ዝቅ ሲል ውሃውን እየቀደደ ቀስ ብሎ ይሄዳል፤ ያኔ የሚበላው ጥቂት ነው። ነዳጅ ሲጨመርለት አፍንጫው ወደ ላይ ይነሣል፣ ኋላው ይቀበራል፣ ነጂው ፊት ለፊቱን ለማየት ይንጠራራል። ትልቅ ሞገድ ከኋላው ተቆልሎ ይከተለዋል፣ ሞተሩ ያጓራል፣ ፍጥነቱ ግን እምብዛም አይጨምርም። ትንሽ ቆንጠር አድርጋችሁ ስትጨምሩለት አፍንጫው ይወርድና ጀልባው ውሃው ላይ ይወጣል። ይህችን ቅጽበት በጆሮም መለየት ይቻላል፤ ሞተሩ ይቀለዋል፣ ድምፁ ይቀጥናል፣ እጃችሁን ሳታንቀሳቅሱ ዙሩ በራሱ ከፍ ይላል። ወደ ኋላ ብትዞሩ ያ የተቆለለው ሞገድ ተዘርግቶ ታዩታላችሁ።

ቤንዚን የሚጨርሰው መካከለኛው አካሄድ ነው። «ግማሽ ላይ ተዉት» የተባለ ነጂ ደግሞ ጀልባው ሰው ሲሞላ ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው እዚያው ላይ ነው። ተሳፋሪው ጀልባው እንደዚያ ተንጋሎ ሲሄድ የዘገየው ነጂው ስለተጠነቀቀ ይመስለዋል። ይህ አካሄድ ግን ለቤንዚኑም፣ ለሞተሩም፣ ነጂው ፊቱን ስለማያይ ለደኅንነትም አይበጅም።

አብዛኛው ነጂ የሚሳሳተው «በሰዓት ስንት ሊትር ይበላል?» ብሎ ስለሚጠይቅ ነው። እኛ የምንሄደው ርቀት ነውና ጥያቄው በኪሎ ሜትር መሆን አለበት። ስሌቱን በምሳሌ ላሳይ። ጀልባው አፍንጫውን ሰቅሎ በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በሰዓት 6 ሊትር ይበላል እንበል፤ ውሃው ላይ ወጥቶ 30 ሲሄድ 9 ሊትር፣ እስከ ጥግ ተከፍቶ 40 ሲሄድ ደግሞ 15 ሊትር። በሰዓት ካያችሁት የመጀመሪያው ቆጣቢ ይመስላል። 20 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ግን የመጀመሪያው 10 ሊትር፣ ሁለተኛው 6 ሊትር፣ ሦስተኛው 7 ሊትር ተኩል ይፈልጋል። ተንጋሎ የሚጎተተው ጀልባ እስከ ጥግ ከተከፈተው የባሰ ጨረሰ ማለት ነው። ቁጥሩ ከጀልባ ጀልባ ይለያያል፤ ቅርጹ ግን በእንዲህ ዓይነት ጀልባ ሁሉ ይኸው ነው። ቆጣቢው ዙር ጀልባው ውሃው ላይ ከወጣበት ጥቂት ከፍ ብሎ ይገኛል፤ በብዙ ሞተር በደቂቃ ከ3000 እስከ 4000 ባለው ውስጥ ይወድቃል።

የራሱን ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ውድ መሣሪያ መግዛት የለበትም። እኔ የምለካው በሚዛን ነው። ንፋስ ሳይነሣ፣ ጀልባው የወትሮውን ያህል ጭነት ይዞ፣ በስልኬ ጂፒኤስ ሦስት ኪሎ ሜትር እሄዳለሁ፤ በዚያው መስመር፣ በዚያው ዙር እመለሳለሁ። ደርሶ መልሱ የንፋሱንና የጅረቱን አድልዎ በአብዛኛው ያጣፋዋል። ከመነሣቴ በፊትና ከተመለስኩ በኋላ ታንኩን ከቱቦው ነቅዬ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ እሳትም ሲጋራም በሌለበት ደረቅ መሬት ላይ በዲጂታል ሚዛን እመዝነዋለሁ። አንድ ሊትር ቤንዚን ወደ 740 ግራም ይመዝናል፤ ልዩነቱን በዚህ ስታካፍሉ ሊትሩ ይወጣል። አንዲት ነገር ግን እንዳትዘነጉ፤ ቱቦው መሐል ያለችው የላስቲክ ፓምፕ ከመነሻውም፣ ከመመለሻውም ሚዛን በፊት እስክትጠጥር መጨመቅ አለባት፤ ቱቦው ውስጥ የሚቀረው ቤንዚን መጠን አንድ ዓይነት ካልሆነ ልኬቱ ይበላሻል። ከዚያ ረዳቴ ቁጥሩን ይጽፋል፣ ዙሩን 500 ጨምረን እንደገና እንወጣለን።

የዙር መቁጠሪያው ራሱም ይፈተሽ። ከጀርባው ለሞተሩ ዓይነት የሚስተካከል መምረጫ አለው፤ ያ ካልተገጣጠመ 4000 የሚለው ቁጥር 4000 አይደለም፣ ከሌላ ነጂ ጋር መነጋገርም አይቻልም።

ይህ ሁሉ ልፋት ፕሮፔለሩ ልክ ካልሆነ ዋጋ የለውም። ስለዚህ ከልኬቱ በፊት ሞተሩን ከወትሮው ጭነት ጋር እስከ ጥግ ክፈቱትና ስንት እንደሚደርስ እዩ። የብዙ ሞተሮች መመሪያ በደቂቃ ከ5000 እስከ 6000 ይላል። እዚያ ካልደረሰ ፕሮፔለሩ ከብዶታል፤ ሞተሩ ታፍኖ ይሠራል፣ ይሞቃል፣ ጥላሸት ያበዛል፤ ምንም ዓይነት ዙር ብትመርጡለት አይቆጥብም። ፒቹ፣ ማለትም ፕሮፔለሩ አንዴ ሲዞር ወደ ፊት ሊሄድ የሚገባው ርቀት፣ በአንድ ኢንች ቢቀነስ ዙሩ ወደ 200 ገደማ ይነሣል። ከፍታ ላይ ያለ ሐይቅ ላይ የሚሠራ ሰው ይህን ከሁሉ አብልጦ ሊያስብበት ይገባል። በየ300 ሜትሩ ሞተሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፤ 1800 ሜትር ላይ አምስተኛው እጅ ገደማ ሄዷል ማለት ነው። ለባሕር ዳርቻ ተብሎ የተገጠመ ፕሮፔለር እዚያ ላይ ጀልባውን ውሃው ላይ ማውጣት ያቅተዋል፤ ሰው ግን ሞተሩ አርጅቷል ብሎ ይሸጠዋል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

ጭነትም ዙሩን ይቀይረዋል። የእኔ ጀልባ ቀለል ሲል 3600 ላይ ደስ ብሎት ይሄዳል፤ ሰው ሲሞላ 4200 ካልሆነ አፍንጫውን አያወርድም። ሁለቱንም ቁጥር መቁጠሪያው አጠገብ በቀለም ጽፌያቸዋለሁ። ሲነሣ ከኋላ የተቀመጡ አንድ ሁለት ሰዎችን ወደ ፊት ማስጠጋት ብቻውን ብዙ ይረዳል።

ሞገድ ሲበረታ ደግሞ ውሃው ላይ ወጥቶ መሄድ አደጋ ነው። ያኔ ዙሩን ጥቂት ቀንሶ መሐል ላይ መቅረት አይጠቅምም፤ አፍንጫው እስኪስተካከል ድረስ በደንብ ማውረድ ነው። መንገዱ ይረዝማል፣ ስለዚህም ከታንኩ ሲሶው መቼም ለመጠባበቂያ ይቀመጥ።

የደብዳቤው ጸሐፊ የጀልባቸውን ርዝመት፣ የሞተራቸውን ጉልበትና የፕሮፔለራቸውን ፒች በዚሁ ገጽ ቢነግሩን ደስ ይለኛል። ግማሹ ነዳጅ ለእሳቸው የሠራበትን ምክንያት ከዚያ ማወቅ ይቻላል። ዝግጅት ክፍሉ ቦታ ከሰጠኝ እኔም የልኬት ሠንጠረዤን እልካለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሞተር ጀልባ ነጂ