ጉዳዩ፦ ቃል የተገባልን የፓኬት ላብ የት ደረሰ?

ለማሰልጠኛ ማዕከሉ አስተዳደር

ጤና ይስጥልኝ።

ባቼንም ክፍያዬንም ታውቁታላችሁ፣ መዝገባችሁ ላይ አለ። በስልክ ነግሬያችኋለሁ፣ በቴሌግራም ጽፌላችኋለሁ፣ ቢሮም መጥቻለሁ። ስለዚህ ከሀ እስከ ፐ እንደገና አልተርክም። ጉዳዩ የፓኬት ላቡ ነው፣ በኔትወርክ የሚያልፈውን መረጃ ቁራጭ በቁራጭ (ፓኬት በፓኬት) ከፍተን የምናይበት የተግባር ትምህርት። ይሄኛውን በጽሑፍ ያደረግኩት ነገ "ማንም አልነገረን" እንዳትሉ ነው።

ትዕግስቴን የጨረሰው የቅዳሜ ማታው ነገር ነው።

የባቹ ግሩፕ ላይ አንድ ጥያቄ ጠየቅኩ። "አርፕ ስፑፊንግ የሚሠራው የትኛው ሌየር ላይ ነው? የቢሮው ፋየርዎልስ ለምን አያቆመውም?" አርፕ በአንድ ኔትወርክ ውስጥ የአይፒ አድራሻው የየትኛው መሣሪያ እንደሆነ የሚጠየቅበት መንገድ ነው፣ ስፑፊንግ ደግሞ በሐሰት "የኔ ነው" ማለት፤ ሌየር የሚባሉት የኔትወርክ ሥራ የሚከፈልባቸው ሰባቱ ደረጃዎች ናቸው። ሴኪዩሪቲ ፕላስ ለሚባለው የኮምፒውተር ደህንነት ፈተና ለሚቀመጥ ሰው ከዚህ የበለጠ ተራ ጥያቄ የለም። አስተባባሪያችሁ አይቶ ዝም አለ። ቆይቶ "ስላይዱ ላይ አለ" ብሎ ጻፈ። ስላይዱ ላይ ያለው "አርፕ፣ ሌየር 2" የሚል አንድ መስመር ነው፣ በቃ። ያንን መስመር ስክሪንሾት አንስቼ ላኩለትና "ይሄን አይቼዋለሁ፣ እኔ የጠየቅኩት ለምን የሚለውን ነው" አልኩት፣ በትህትና፣ "ይቅርታ ላስቸግርህ" ሁሉ ብዬ። የመለሰልኝ ቃል በቃል ይሄ ነው፦ "የኔ እህት፣ ፈተና ልታልፊ ነው የመጣሽው ወይስ ኢንተርኔት ልትፈጥሪ? ሰባቱን ሌየር ሸምድጂ፣ ይበቃሻል።" ከኋላው የሚስቁ ኢሞጂዎች ደረደረበት።

ባቹ በሙሉ እያየ ነው እንግዲህ። "እሺ፣ ታዲያ ቃል የገባችሁልን ላብ መቼ ነው?" ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ በኋላ ግሩፑ ላይ መጻፍ አልቻልኩም። ሚዩት አድርጎኛል! ገንዘብ ከፍሎ የገባ ተማሪ ጥያቄ ስለጠየቀ አፉ ይዘጋል?

ለነገሩ መልሱ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር፣ እሱ ካላወቀው እኔ ልጻፍለት። አርፕ ማንነት የሚያረጋግጥበት መንገድ የለውም። አንዱ ኮምፒውተር "ያ የአይፒ አድራሻ የኔ ነው" ካለ ሌሎቹ አምነው ይመዘግቡታል። መልእክቱ የሚሄደው በዚያው ኔትወርክ ውስጥ በስዊቹ (ኮምፒውተሮቹን በሚያገናኘው ሳጥን) በኩል ነው፣ የአይፒ ሄደርም (ወደ ሌላ ኔትወርክ የሚያሻግረው የአድራሻ ክፍል) የለውም። ስለዚህ በኮምፒውተሮቹ መካከል ሲሄድ ዳር ላይ በተቀመጠው ፋየርዎል ውስጥ አያልፍም። መከላከያው ስዊቹ ላይ ነው፣ ሐሰተኛውን የአርፕ መልእክት እየለየ ይጥላል፣ ዳይናሚክ አርፕ ኢንስፔክሽን ይባላል። አለቀ። ይሄን ነው ኢንተርኔት መፍጠር ያለው።

አሁን ወደ ላቡ። ስመዘገብ ቢሮ ያለችው ልጅ ያለችኝን አልረሳም፣ ምክንያቱም የከፈልኩት በሷ ንግግር ነው። "ዋየርሻርክ ከፍተን ፓኬቱን ሌየር በሌየር እንፈታዋለን፣ ቴልኔት ላይ ፓስወርድ ስትጽፊ ፊደሎቹ በግልጽ ሲያልፉ በዓይንሽ ታያለሽ፣ ከዛ በኤስኤስኤች ደግመን ምንም እንደማይነበብ እናሳይሻለን" ነው ያለችው። ዋየርሻርክ በኔትወርክ የሚያልፈውን የሚያሳይ ሶፍትዌር ነው፤ ቴልኔትና ኤስኤስኤች ሌላ ኮምፒውተር ውስጥ ከሩቅ መግቢያ ናቸው፣ ሁለተኛው የሚላከውን ያመሰጥረዋል። በጣም ጥሩ ነበር አነጋገሯ። ቴሌግራም ቻናላችሁ ላይ ያለው ማስታወቂያም ይህንኑ ይላል፣ እንዳታጠፉት ስክሪንሾቱ እኔ ጋ አለ።

የላቡ ቀን መጣ። መብራት የለም። ጀነሬተሩ ነዳጅ አልቆበታል ተባለ። እሺ፣ መብራት በእናንተ እጅ አይደለም፣ ነዳጁ ግን በማን እጅ ነው? ተጠብቆ ተጠብቆ መብራት መጣ። ከዚያ አሰልጣኙ ዩቲዩብ ከፍቶ የሌላ ሰው ቪዲዮ አጫወተልን። ድምፁ አይሰማም። ሰውየው ስክሪኑ ላይ የሆነ ነገር ይጫናል፣ እኛ እናያለን። ቪዲዮው ሲያልቅ "እንግዲህ ላብ ማለት ይሄ ነው" ተባለና ወደ ቤታችን ተሸኘን። በማግስቱ "ለሚቀጥለው ሳምንት ተዛውሯል"፣ ሚቀጥለው ሳምንት ሲደርስ "አሰልጣኙ መስክ ወጥቷል"፣ ከዛ ደግሞ "ማናጀሩ ስብሰባ ላይ ነው"። እስከ ዛሬ ከስብሰባ አልወጣም መሰለኝ።

ቤቴ ቁጭ ብዬ ራሴ ዋየርሻርክ ጫንኩ። ሶፍትዌሩ ነጻ ነው፣ አንድ ብር አይከፈልበትም። አንድ ፓኬት ስትጫኑ ከታች ተዘርዝሮ ይመጣል፦ መጀመሪያ ፍሬሙ፣ ከስሩ ኢተርኔት ከነማክ አድራሻው (የመሣሪያው መለያ ቁጥር)፣ ከዛ አይፒ፣ ከዛ ቲሲፒ ከነፖርት ቁጥሩ (መረጃው ለየትኛው ፕሮግራም እንደሆነ የሚለየው)፣ መጨረሻ ላይ ዳታው። ሰባት ሌየር እያላችሁ እንደ ዳዊት ያስደገማችሁን ነገር እዚያ አንዱ በአንዱ ውስጥ ተጠቅልሎ ይታያል። ሁለት ኮምፒውተሮች የቲሲፒ ግንኙነት ሲጀምሩ የሚያደርጉት የሲን፣ ሲን አክ፣ አክ ልውውጥ በተከታታይ መስመር ይመጣል። ይህን ያየ ሰው ሲን ፍለድ የሚባለው ጥቃት ምን እንደሆነ ማንም እንዲያስረዳው አያስፈልገውም። ሰርቨሩ ሲን አክ ልኮ ያቺን የመጨረሻዋን አክ ሲጠብቅ፣ እሷ ሳትመጣ ሌላ ሲን፣ ሌላ ሲን ይጎርፍበታል። የቲሲፒ ቦታ አራተኛው ሌየር ስለሆነ ነው ጥቃቱም እዚያ የሚመደበው። ማክ ፍለዲንግ (ስዊቹን በሐሰተኛ ማክ አድራሻ ማጥለቅለቅ) ሁለተኛው ላይ፣ ኤስኪውኤል ኢንጄክሽን (በድረ ገጽ በኩል ለዳታቤዙ ያልተፈቀደ ትእዛዝ ማስገባት) ሰባተኛው ላይ። እንዲህ ሲታይ ምኑ ይሸመደዳል?

ፈተናውም ሽምደዳ አይደለም። ቢበዛ 90 ጥያቄ፣ 90 ደቂቃ፣ ማለፊያው ከ900 ላይ 750 ነው። መሃሉ ላይ ሰርተህ አሳይ የሚሉ ጥያቄዎች አሉበት። የፋየርዎል ሕግ አስተካክል፣ ሎጉን አንብበህ የተጠቃውን ማሽን ለይ ሊልህ ይችላል። እዚያ ላይ "ሌየር 5 ሴሽን ነው" ብሎ መዘመር ምን ይጠቅማል?

ደግሞ ዘፈኑስ ልክ በሆነ። መግቢያው ላይ የለጠፋችሁት ትልቁ ባነር ሴሽንን 6፣ ፕረዘንቴሽንን 5 አድርጎታል። ተገልብጧል። ተማሪው በየቀኑ በስሩ ያልፋል። ነግሬያችኋለሁ፣ "ዲዛይነሩ ነው" ተባልኩ። ስላይዱ ደግሞ አይሲኤምፒን (ፒንግ፣ ማለትም አንድ ኮምፒውተር መልስ ይሰጥ እንደሆነ መሞከሪያው፣ የሚጠቀምበትን ፕሮቶኮል) "ፖርት 1" ብሎ ጽፎታል። አይሲኤምፒ ፖርት የለውም! 1 ቁጥር አይፒ ሄደሩ ውስጥ የሚቀመጥ የፕሮቶኮል ቁጥር ነው፣ ቲሲፒ 6፣ ዩዲፒ 17 እንደሆነው ሁሉ። ፖርት ያላቸው ቲሲፒና ዩዲፒ ናቸው። ፒንግ በየትኛው ፖርት ይሄዳል ብሎ ማጥመድ የታወቀ ነው፣ በእናንተ ስላይድ ያጠና ተማሪ ዘሎ ይገባበታል። ስላይዱ ራሱ ለ601፣ ለድሮው የፈተናው ዕትም፣ የተዘጋጀ ነው። 601 እ.ኤ.አ. ጁላይ 31 ቀን 2024 ተዘግቷል፣ አሁን የምንፈተነው 701 ነው። ሽፋኑ ላይ ቁጥሩን ቀይራችሁ ውስጡን እንዳለ ትታችሁታል። ቲኤልኤስ 1.0ን (የኢንተርኔት ግንኙነትን የሚያመሰጥረውን ፕሮቶኮል የድሮ ዕትም) እንደሚሠራ ነገር ያስተምራል፣ 1.0 እና 1.1 እ.ኤ.አ. በ2021 ከአገልግሎት እንዲወጡ ተወስኗል።

ሌላም አለ። ክፍል ሁሌም ዘግይቶ ነው የሚጀመረው። ዋይፋዩ ለቢሮ ሠራተኞች ብቻ ነው ተብለን በራሳችን ዳታ ነው የተማርነው፣ የኔትወርክ ትምህርት! ደረሰኝ እስካሁን አልሰጣችሁኝም፣ "ማሽኑ ተበላሽቷል" የሚለው ማሽን መቼም የሚሠራ አይመስለኝም።

የምፈልገውን ልንገራችሁ። መጀመሪያ የፈለግኩት ላቡን ብቻ ነበር። አሁንም ላቡ ይሰጠን፣ በቪዲዮ ሳይሆን በእውነተኛ አሰልጣኝ፣ እያንዳንዳችን በኮምፒውተራችን እየሠራን፣ ለባቹ በሙሉ። ስላይዱ ይታረም። ባነሩ ይውረድ። አስተባባሪው ግሩፑ ላይ፣ በሰደበኝ ቦታ፣ ይቅርታ ይጠይቀኝ፣ በውስጥ መስመር "አትቀየሚኝ" ማለት አይበቃም። ይሄ በሁለት ሳምንት ውስጥ ካልሆነ የክፍያዬን ግማሽ አይደለም፣ ሙሉውን መልሱልኝ። ያንንም ካላደረጋችሁ ማስታወቂያችሁን፣ የቅዳሜውን መልስና የባንክ ዝውውሩን ይዤ ሸማቾች ጥበቃ እሄዳለሁ። ከባቹ ብቻዬን የምሄድ አይምሰላችሁ።

መልሳችሁን በጽሑፍ ላኩልኝ። "ቢሮ ነይና እንነጋገር" አትበሉኝ፣ ብዙ ተነጋግረናል። ደረሰኙንም አብራችሁ ላኩ። ግሩፑ ላይ የዘጋችሁብኝንም ክፈቱ፣ አርፕ ያልገባቸው ልጆች በውስጥ እየጻፉልኝ ስለሆነ መልሱን አንዴ እዚያው ልጻፈው።

ከሰላምታ ጋር
የቅዳሜና እሁድ ባች ተማሪያችሁ